በቅሎ እያለ በእግር

ተጠራጣሪው፦ እስቲ ልጄ፣ አንድ ነገር አስረጂኝ። ከደባርቅ ተነስቶ ራስ ደጀን ድረስ፣ ደርሶ መልስ ሰባት ስምንት ቀን በእግሩ የሚኳትን ሰው ምን ፈልጎ ነው? የጃናሞራ ገበሬ ያንን ዳገት የሚወጣው ገብሱን ገበያ ለማድረስ ነው። የግሸን ማርያም ተሳላሚ አምባውን የሚወጣው ስለቱን ለማስገባት ነው። ሲራራ ነጋዴውም ሊማሊሞን ሲወጣ ሲወርድ የኖረው ጭነቱን ይዞ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ዳገቱ ዕዳ ነው፤ ይከፍሉትና ያልፋሉ፣ ከወዲያ የሚጠብቃቸው ነገር አለ። ለእናንተ ግን ዳገቱ ራሱ ጉዳይ ሆነ። ገንዘቡን ከፍሎ የሚደክም፣ ሞቅ ያለ ቤት እያለው ድንኳን ውስጥ የሚንቀጠቀጥ፣ በቅሎ እያለ በእግሩ የሚሄድ ሰው በአገራችን ሌላ ስም ነበረው። ጥጋብ ነው የሚልሽ ሰው ቢመጣ ምን ትመልሺለታለሽ?

ተጓዧ፦ ጥጋብ ነው ቢሉኝ አልቆጣም፣ ጋሼ። የተራበ ሰው ለደስታ ብሎ ተራራ አይወጣም። ነገር ግን ከጥጋብ የመጣ ሁሉ ከንቱ ነው ካልን ጉግሱንም፣ የገና ጨዋታውንም፣ በገናውንም አብረን ልንጥል ነው። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰው የማያሳጥረው ነገር ጥቂት ነው። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ጎንደር በአንድ ሰዓት ያደርሰዋል፣ መኪናው ከጎንደር ደባርቅ ከምሳ በፊት ያወጣዋል። ከፍታ ግን በብር አይሸጥም፤ በቀን ብቻ ነው የሚገዛው። ምክንያቱ አየሩ ነው። ሰው እንደሚለው ከላይ ኦክስጅን «አይጠፋም»፤ የአየሩ ድርሻ ከታችም ከላይም ከመቶ 21 ገደማ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች ነዋሪዋ በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለምዶት ነው የማይታወቀው። ራስ ደጀን ጫፍ፣ 4,550 ሜትር ላይ፣ የሚቀረው ከባሕር ዳርቻው ከግማሽ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። ሰውነት ይህን ጉድለት ማካካስ ይችላል፤ ግን በራሱ ጊዜ ነው። ትንፋሽ በሰዓታት ውስጥ ይፈጥናል። ትንፋሽ ሲፈጥን የሚዛባውን የደም ሚዛን ኩላሊት ለማስተካከል ቀናት ይወስድበታል። ቀይ የደም ሴል የሚበረክተው ደግሞ በሳምንታት ነው። ይህ ወረፋ ነው፤ ባለሥልጣንም፣ ባለሀብትም፣ ጡንቸኛም ቀድሞ አይገባም። በእግር መሄድ ማለት ወረፋውን አክብሮ መሰለፍ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ይህ ማማለያ ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው የመሰለኝ። እኔ ጥቅሙን ስጠይቅሽ አንቺ አደጋውን ነገርሽኝ። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊጀምር እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ደባርቅ ራሷ እኮ ከዚያ በላይ ናት። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፤ የእኛ ሰው ቡናዬ ስለቀረብኝ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ሳይሻለው ወደ ላይ የገፋ ሰው ሳንባው ውኃ ሊቋጥር፣ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ አንጎሉ ያበጠበት ደግሞ ጠጅ እንደጠጣ ሰው እየተንገዳገደ ይሄዳል። ሁለቱም ይገድላሉ። ይባስ ብሎ ጉልበት አያድንም፤ ሯጩና ወጣቱ እንዲያውም ስለሚቸኩል ቀድሞ ይያዛል። ገበሬው ማሳው ላይ መብረቅ ቢመታው እያረሰ ነበር ይባላል። እዚያ አፋፍ ላይ የወደቀውን መንገደኛ ምን ሲያደርግ ነበር ልንል ነው?

ተጓዧ፦ አደጋው እውነት ነው። ግን ይህን ያህል አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሌላ አደጋ ካለ ይንገሩኝ። ደንቡ የታወቀ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬ ማደሪያህ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን ባለህበት ዕረፍ፤ ራስህን ካመመህ አትውጣ፤ ከባሰህ ውረድ። መድኃኒት አለ፣ ሰውነት ቶሎ እንዲለማመድ የሚረዳ እንክብል አለ፤ መውረድን የሚተካ ግን የለም። አሁን የሰሜን ተራሮችን መንገድ በዚህ ደንብ ይለኩት። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ነው፤ ግጭ 3,600። ከግጭ ሲነሱ እሜት ጎጎ ላይ 3,926 ሜትር ይወጡና ማታ ጨነቅ 3,620 ላይ ወርደው ያድራሉ። ቀን ከፍ ብሎ መዋል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ነው፤ የሂማላያ መሪዎች ሰውን የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ታዲያ አደጋው ያለው የት ነው? በብዛት መኪናው ላይ ነው። ብሔራዊ ፓርኩን አቋርጦ በጨነቅ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው የመኪና መንገድ ቧሂት ተራራ ጥግ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዋሽንግተን ሰኞ ቦሌ ያረፈ፣ ማክሰኞ ጎንደር የገባ፣ ረቡዕ በመኪና ጨነቅ የደረሰ ሰው በሦስት ቀን ያሳለፈውን ከፍታ በእግሩ ቢሆን በሳምንት አይጨርሰውም ነበር። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ የተባለው ለዚህ ሰው ነው። የቆረጠው ቀን የራሱ ገመድ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ያ ከዋሽንግተን የመጣው እኮ የወገራ ልጅ ይሆናል፤ አያት ቅድመ አያቱ ዳባት ላይ ብርድ ሲጠጡ የኖሩ ናቸው። ደሙ አያድነውም? የደጋችን ሰው ሳንባው የተለየ ነው ሲባል እሰማለሁ። ከዚህ ከፍታ ጋር የተዋወቅነው ትናንት አይደለም።

ተጓዧ፦ ትናንትማ አይደለም። ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከፍታው ወደ 3,500 ሜትር ይጠጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን እዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር፤ የሚበሉትም በአብዛኛው ግዙፉን ፍልፈል ነበር። ወደ ሰሜን ተራሮች ስንመጣ ደግሞ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት አለ። በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞችን ደም ለኩ። የአንዲስ ተራራ ሰው በከፍታ ሲኖር ሄሞግሎቢኑ ይበዛል፣ ደሙ ይወፍራል። የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ እንደ ቆላ ሰው ነው፣ በደሙ ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ይላል። የሰሜን ሰው ከሁለቱም ተለየ፤ ሄሞግሎቢኑም እንደ ባሕር ዳርቻ ሰው፣ በኦክስጅን የተሞላው የደሙ ድርሻም ከመቶ 95 ገደማ፣ እሱም እንደ ባሕር ዳርቻ ሰው ሆኖ ተገኘ። በዓለም ላይ ሦስተኛ መንገድ ተገኘ ተብሎ ተጻፈ። ይሁን እንጂ የተለኩት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ዘር ተወልዶ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላደገ ልጅ ይህ ዋስትና አይሆነውም። ኩላሊቱ የአያቱን አድራሻ አይጠይቅም፤ ባለፈው ሳምንት የት እንዳደረ ነው የሚጠይቀው።

ተጠራጣሪው፦ ይህንን የሳንባ ነገር ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ። አሁን ሸክሙን እንይ። የጀርባ ቦርሳ ተሸካሚ ነን ትላላችሁ፣ ስማችሁ ከቦርሳው ነው የመጣው። ቦርሳው ውስጥ ግን ምን አለ? አንድ ኮዳ ውኃ፣ ካሜራ፣ የዝናብ ልብስ። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ፍራሹን በቅሎ ተሸክማለች። ወጥ ሠሪው ቀድሞ ደርሶ ሾርባ ጥዷል። ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላ ይከተላል። በቅሎ ነጂው በኮንጎ ጫማ ዳገቱን እያፏጨ ሲያልፋችሁ እናንተ የመቶ ዶላር ጫማችሁን እያሰራችሁ ትተነፍሳላችሁ። ቀን በገንዘብ አይገዛም አልሽ፤ ይሁን። ከቀኑ በቀር ያለውን ሁሉ ግን ገዝታችሁታል። ይህ ወረፋ ማክበር ሳይሆን ወረፋ ላይ ወንበር አስይዞ መቀመጥ ነው።

ተጓዧ፦ ወንበሩን አልክድም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የምከራከርለት ለዚያ ወንበር ነው። የመኪናው ጎብኚ ምን እንደሚተው ይቁጠሩ። የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ነዳጁን ጎንደር ሞልቷል፣ ምሳው በካርቶን ከሆቴል መጥቷል። ጨላዳውን በመስኮት አይቶ ከመምሸቱ በፊት ይመለሳል። በእግሩ የሚሄደው ግን ሳምንት ሙሉ ይበላል፣ ያድራል፣ ይጫንለታል። መሪው፣ ወጥ ሠሪው፣ ስካውቱ፣ በቅሎ የሚያከራየው፣ በቅሎ የሚነዳው፣ ለበቅሎዋ ገብስ የሚሸጠው፣ ሁሉም ከዚያ ሳምንት ይቆርሳሉ። ቀርፋፋነቱ ለሳንባው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ገንዘቡም በቀርፋፋ እግር ሲሄድ ነው በየደጁ የሚቆመው። ሁሉንም በጀርባዬ ካልተሸከምኩ የሚለው ጥብቅ ተጓዥ፣ ስንቁን ከውጭ አገር በላስቲክ አሽጎ የሚመጣው፣ በአካሉ ብርቱ ይሁን እንጂ ለደባርቅ ከመኪናው ጎብኚ ብዙ የሚሻል አይደለም። በነገራችን ላይ ያ በላስቲክ የታሸገው ነገር በሶና ጭኮ ከሚሠሩት ምንም የሚጨምር አይመስለኝም። ቀላል፣ የማይበላሽ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የሚበጠበጥ ስንቅ የአባቶቻችን መንገደኛ ከጥንት ነበረው፤ እኛ ነን ብስኩት የምንገዛው። ደግሞም በቅሎ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ፣ 5,895 ሜትር ድረስ፣ ጭነቱ ሁሉ የሚወጣው በሰው ጀርባና አናት ነው። ለተሸካሚ 20 ኪሎ የሚል ደንብ ወጥቶ ጭነቱ በር ላይ በሚዛን የሚመዘነው ያለ ደንቡ ከዚያ በላይ ይጫንበት ስለነበር ነው። ሰሜን ላይ በተጓዡና በነጂው ጀርባ መካከል በቅሎዋ ቆማለች።

ተጠራጣሪው፦ በቅሎዋማ ቆማለች። እንግዳ መጣም አልመጣም ግን ገብስ ትበላለች። ይህንን ነው ሒሳቡ ውስጥ ያላየሁት። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና መጣ፣ ሰው ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነት ተነሳ፤ በዓመቱ ውጊያው ዳባትና ደባርቅ አጠገብ ደረሰ። እሱ በረደ ሲባል ከ2023 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት መጣ። በቅሎ ነጂው ተራ ይዞ ነው የሚሠራው፤ በደኅና ዘመን እንኳ ተራው የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ገብስ የሚያርስ ሰው ጦርነት ቢመጣ በጎተራው ያለውን ይበላል። ኑሮውን በመንገደኛ እግር ላይ የጣለ ሰው ግን መንገዱ ሲዘጋ ጎተራም የለው። ቀስ ብሎ የሚመጣ ገንዘብ በየደጁ ይቆማል አልሽኝ፤ ሲቀር ደግሞ በየደጁ እኩል ይቀራል።

ተጓዧ፦ ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ከፊሉን ልሞክር። የሩቅ እንግዳ ኤምባሲው ሂድ እስኪለው ዓመታት ይጠብቃል፤ መድን የሚሸጥለትም አያገኝም። የአገር ሰው ግን መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ይመጣል፤ ሹፌር ደውሎ ይጠይቃል፣ ዘመድ ያማክራል። ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ዝቋላ የሚወጣው ወጣት ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ አልነበረም። ሳንባውም ግማሹን መንገድ ጨርሶ ነው የሚመጣው፤ 2,355 ሜትር ላይ አድሮ ይነሳል። እውነት ነው፣ የአገር ልጅ የሚከፍለው ከውጭው ሰው ያንሳል፤ ስንቁንም ከቤቱ በአገልግል ይዞ ይመጣል። ያ ጉድለት ነው፤ አልሸፍነውም። ቢሆንም ጎተራ ካስፈለገ የቅርብ እግር ከሩቅ እግር የተሻለ ጎተራ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ አሁን ያስቀመጥሽልኝን አምጪው። በዓለም ላይ ሦስተኛ መንገድ የተገኘበት ያ ሳንባ የማን ነው? የሰሜን ደገኛ ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ ተደርቦ፣ ለዚያ ከፍታ ተብሎ የተሠራ ሰው አለ ብለሽ በጥናት አስረዳሽኝ። መልካም። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፤ ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ የመኪናው መንገድና የሰው ሠፈራ ነበሩበት። በ2016 የግጭ መንደር፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ካሳ ተቀብሎ ደባርቅ ወረደ። በ2017 ፓርኩ ከዝርዝሩ ወጣ። ዛሬ ግጭ ስንል ምን ማለታችን ነው? ድንኳን መትከያ ማለታችን ነው። አንቺም ቅድም ስትቆጥሪ «ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600» አልሽ፤ ማደሪያ አድርገሽ ቆጠርሽው። እንግዲህ ነገሩን አስተውዪ። ለከፍታው የተሠራው ሰው ከከፍታው ወረደ፤ በእንክብልና በዕረፍት ቀን የሚለማመደው ሰው ደግሞ ከፍሎ በቦታው አደረ። ከፍታ በቀን እንጂ በገንዘብ አይገዛም ያልሽው ለአንቺ ነው የሠራው። እነሱ በሺህ ዓመት ቀን ገዝተውት ነበር።

ተጓዧ፦ ይህ እስካሁን ካሉት ሁሉ የሚከብደው ነው፤ በችኮላ አልመልሰውም። መጀመሪያ፣ ግጭን ያስለቀቀው ተጓዥ አይደለም። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። አፋፉ ድረስ ከብት ይግጥበት፣ ተዳፋቱ ድረስ ገብስ ይታረስበት ነበር፤ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ተከዜ ሲወርድ ነበር፣ ገበሬውም ራሱ ከዓመት ዓመት የሚያገኘው ምርት ያንስበት ነበር። አንድም ተጓዥ ባይመጣ ያ ጥያቄ ይነሳ ነበር። ሆኖም ከዚህ ጀርባ ልደበቅ አልፈልግም። የተጓዥ ዓይን ባዶ ተራራ ይወዳል። ፎቶው ላይ ጨላዳው፣ ጅብራው፣ ገደሉ ይኑር፤ የሳር ክዳኑና የከብት በረቱ ግን ከሥዕሉ ይውጣ ይላል። ያ ፍላጎት አዋጅ ባያወጣም አዋጅ ለሚያወጣው ሰው ይመቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው በእግር መሄድ ሰው ያስለቅቃል ወይ ሳይሆን፣ ሰው ሳይለቅ ዱሩም መንገደኛውም የሚኖሩበት ከፍታ አለ ወይ ነው። አለ። መንዝ ጓሳ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጨላዳ አለ፣ ተጓዥም ይሄዳል። ያገሬው ሰው ሳሩን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሕግ ጠብቆታል፤ ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ለክዳንና ለገመድ ሲያስፈልግ ይከፍተዋል፣ መልሶ ይዘጋዋል። በ1975 እ.ኤ.አ. የመሬት አዋጅ የቆየው ሥርዓት ሲፈርስ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቆመው። ማንም ከውጭ መጥቶ ውጣ አላለውም።

ተጠራጣሪው፦ ጓሳ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ለግጭ አይሆንም። ጓሳ ሜዳው ላይ ማንም ጎጆ አልቀለሰም። ሰው በዙሪያው ይኖራል፣ ሳሩን ሊያጭድ ይወጣል፣ ይመለሳል። ግጭ ግን ቤት ነበረ፤ ልጅ የሚወለድበት፣ ሬሳ የሚቀበርበት። ደግሞ የመንዝ ሰው ሳሩን የጠበቀው ቤቱን ሊከድንበት፣ ገመድ ሊገምድበት ነው እንጂ ለመንገደኛ ብሎ አይደለም። ያው ቅድም ያልኩሽ ነው፦ ጉዳይ ያለው ሰው ዳገቱን ይጠብቃል። ግጭ ከለቀቀ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የፓርኩ ጓሳ ሣርና አስታ ለቀናት ሲነድ እሳቱን ለማጥፋት ባለሙያ ከእስራኤል፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ መጣ። በጎረቤት የሚደርስ ሰው ተነስቶ በአየር የሚደርስ ሰው ተጠራ።

ተጓዧ፦ እሱ ላይ ልቆጣዎት ነው፣ ጋሼ። ሄሊኮፕተሩ ሳይመጣ በፊት ከደባርቅና ከየገጠሩ ቅጠል ይዞ ወጥቶ እሳቱን የገጠመው ያገሩ ሰው ነው፤ ወርዶም ቢሆን አልተወውም። እንደውም ከዚህ ሌላ ነገር ይታየኛል። እነዚያ መንገዶች የማን ናቸው? ከሳንቃ በር ግጭ፣ ከጨነቅ በቧሂት ሥር አድርጎ አምቢቆ የሚያደርሰው መንገድ ለተጓዥ ተብሎ አልተጠረገም። የገበያ መንገድ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን መንገድ ነው፣ የከብት መንገድ ነው። ራስ ደጀንን በ1841 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን ወጡት ተብሎ ይጻፋል፤ በጎቹን ፍለጋ ቀድሞ የወጣው እረኛ አልተመዘገበም እንጂ መንገዱን ያሳያቸው ማን ሊሆን ነው? የመኪና መንገድ በዶዘር ይቆያል። የእግር መንገድ ግን እግር ሲያጣ በሁለት ክረምት ሣር ይውጠዋል። ሰውየው ቤቱን ካጣ በኋላ በዚያ መሬት ላይ እንደ ባለእውቀት ተቆጥሮ የሚሄድበት አንድ ሥራ ቢቀር ይህ ነው፦ በየትኛው ጥግ ውኃ እንዳለ፣ በየትኛው ሰዓት ጉም እንደሚነሳ፣ በቅሎ በየት በኩል እንደማትወድቅ የሚያውቀው እሱ ነው። በመኪና የሚያልፈው ሰው ይህንን እውቀት አይፈልገውም። በእግሩ የሚሄደው ያለ እሱ አንድ ቀን አይቆምም።

ተጠራጣሪው፦ አሁን ያለው ነጂ ግጭ ተወልዷል፣ ስለዚህ ያውቀዋል። ልጁ ግን ደባርቅ ከአስፋልቱ ዳር ነው የሚያድገው። ውኃው የት እንዳለ ማን ይነግረዋል?

ተጓዧ፦ አባቱ፣ ከበቅሎዋ ኋላ እየሄደ። ሥራው ካለ።

ተጠራጣሪው፦ ሥራው ካለ። እሱም መንገዱ ከተከፈተ፣ እንግዳው ከመጣ፣ ተራው ከደረሰ። ብዙ «ከ» ነው ልጄ። ለመሆኑ ስንት ቀን ነው አልሽ ጉዞው?

ተጓዧ፦ ሰባት። ለእርስዎ ዘጠኝ አደርገዋለሁ።

ተጠራጣሪው፦ ግጭ ላይ ስንት ሌሊት ይታደራል?

ተጓዧ፦ ብዙው አንድ ያድራል። መልመድ የፈለገ ሁለት።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው ሁለት አድርጊልኝ። መጀመሪያውን ለሳንባዬ። በሁለተኛው ቀን ወደ እሜት ጎጎ አልወጣም፤ ያ በቅሎ ነጂ የእናቱ ቤት የቆመበትን ቦታ ያሳየኝና እዚያ እንቀመጣለን። የዋለበትን እንደ ሥራ ቀን ቆጥራችሁ ትከፍሉታላችሁ ወይስ በዕረፍት ይታሰብበታል?

ተጓዧ፦ በዕረፍት ቀንም ይከፈለዋል፣ ጋሼ። በቅሎዋም ትበላለች።